እናቴ በአውራ ጣቷ የፈረመችበት ማመልከቻ

ማመልከቻው ሊዘጋ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ዶክተሩ ከባሕር ዳር ደወሉልኝ። ነርስነት ስማር ያስተማሩኝ የቆዳ ሐኪም ናቸው። ስልኩ ሲጠራ ፍኖተ ሰላም፣ ከምሠራበት ክፍል ውስጥ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የአንድ ገበሬ እግር እያጠብኩ ነበር። ጓንቴን አንዱን ብቻ አውልቄ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ያዝኩት።

«ከውጭ አገር የጥናት ገንዘብ ጥሪ ወጥቷል» አሉኝ ሰላምታውን ሳይጨርሱ። «ስንጠብቀው የኖርነው ዓይነት ነው። ግን በአንድ ቦታ ብቻ ለሚሠራ ጥናት ድጋፍ አይሰጡም። ቢያንስ ሦስት ሳይት ይላል።»

«ሦስት ከየት እናመጣለን?»

«አንቺ ያለሽበት አንድ፣ ቡሬ አንድ፣ ሰከላ አንድ። ጽሑፉን እኔ እጨርሳለሁ፤ የየቦታውን ፊርማና ማኅተም አንቺ አምጪልኝ። ኢንተርኔቱ እንደምታውቂው ነው። በእግር ካልተሄደ አይሆንም።»

እሺ አልኩ። ለምን እንደዚያ ፈጥኜ እሺ እንዳልኩ ለእሳቸውም ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

የማጥበው ዝሆኔ የያዘውን እግር ነው። በእኛ አገር ዝሆኔ የሚመጣው ከቀይ አፈር ነው። ዕድሜውን ሙሉ በባዶ እግሩ ያረሰና ያረመ ሰው፣ አፈሩ በቆዳው ሰርጎ እየገባ እግሩን ቀስ በቀስ ያሳብጠዋል። ሁሉን ሰው አይዝም፤ በዘር ይመርጣል። ሰው ግን «በዘር» የምትለዋን ቃል ብቻ ይዞ ይሄዳል። ዝሆኔ ካለበት ቤት ልጅ አይወሰድም፣ ለዚያ ቤትም ልጅ አይሰጥም። እብጠቱ ብቻ ቢሆን ደግሞ ባልከፋ። በየጊዜው እየተነሣ እግርን እንደ ፍም የሚያግል፣ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ፣ ለቀናት ከመደብ ላይ የሚጥል ሕመም አለው። ጎጃም ውስጥ ስሙ «ሞኝ ባገኝ» ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት አላውቅም።

በሳሙናና ጥቂት በረኪና ጠብ ባለበት ውኃ ማጠብ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ በፋሻ ማሰርና ጫማ ማድረግ እንደሚረዳ እናውቃለን። የማናውቀው፣ ክሊኒክ ድረስ መምጣት ላቃተው ሰው በየሳምንቱ ቤቱ ሄደን ብናጥበው «ሞኝ ባገኝ» ምን ያህል እንደሚርቀው ነው። ዶክተሩ ሊያጠኑት የፈለጉት ይህንን ነበር። ሕመምተኞቹ በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ። ግማሾቹ ቤታቸው ይጎበኛል፤ ግማሾቹ እንደ ድሮው ክሊኒክ እየመጡ ይቆዩና ከዓመት በኋላ ተራቸው ይደርሳል። በአንድ ቦታ ብቻ ቢሠራ የዚያች ቦታ ነርስ ትጋት ነው ሊባል ይችላል፤ ሦስት ቦታ ላይ ከሠራ ግን ነገሩ የማያጠራጥር ይሆናል። ሰጪዎቹ ሦስት ማለታቸው ለዚህ ነው። አልፈርድባቸውም።

ከቅጹ መሃል አንዲት አንቀጽ ነበረች። በየሳይቱ በሽታው ያለበት አንድ ሰው የጥናቱ አማካሪ ሆኖ፣ በሙሉ ስሙ፣ ይፈርም ትላለች። መጀመሪያ ሳነባት ደስ አለችኝ። በመጨረሻ የታመመውን ሰው የሚጠይቅ መጣ ብዬ ነበር።

ቡሬ ለመድረስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በመጀመሪያው ቀን መንገድ ተዘግቷል ተብሎ ከከተማው መውጫ መለሱን። በማግስቱ ጠዋት ሚኒባሱ ተነሣ፤ ኬላ ላይ ወርደን፣ ተፈትሸን፣ ጥቂት በእግራችን ሄደን እንደገና ተሳፈርን። ማንኩሳ ላይ ሰው ሲወርድ እኔ በመስኮቱ በሌላው ወገን እያየሁ ተቀመጥኩ። እናቴ ያለችው ከማንኩሳ በእግር አንድ ሰዓት ከማይሞላ መንደር ውስጥ ነው። ሁለቱም እግሮቿ ዝሆኔ ናቸው።

ይህንን የሥራ ባልደረቦቼ አያውቁም ነበር። ዶክተሩም አያውቁም። ተማሪ ሳለሁ ስለ እናቴ ሲጠይቁኝ «ገጠር ናት፤ መንገድ አትወድም» እል ነበር። ስመረቅ ደግሞ ለራሷ፣ ወላጅ አይገባም፣ ለተማሪ ብቻ ነው አልኳት። አምናኝ ይሁን ሳታምነኝ ምንም አላለችም። ከዚያ በኋላ የሰው እናቶችን እግር ሳጥብ ኖርኩ። የእሷን የማጥበው ለበዓል ስሄድ፣ በር ዘግተን ነው።

ቡሬ አንድ የጤና መኮንን ጓደኛዬ ሕመምተኛ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ማኅተሙ ግን ተቆልፎበታል፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ቀብር ሄዷል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግንብ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ሕመምተኛው ከአገው ወገን የሆነ፣ ሳቂታ ገበሬ ነበር። ከሚስቱ ጋር በአገውኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ እየተጫወተ አዋለን። ወረቀቱን አስረድቼው ስጨርስ እስክሪብቶውን ተቀበለኝ።

«እኔ ከተዳርኩ ቆየሁ፤ ልጆቼም ተድረው አልቀዋል» አለ። «የሚያሳፍረኝ የለም። የት ጋ ልፈርም?»

የመጀመሪያው ፊርማ እንዲህ በቀላሉ ተገኘ። ከዚያ በቲሊሊ በኩል አድርጌ ሰከላ ወጣሁ። ግሽ ዓባይ አጠገብ ለጸበል የመጡ ሰዎች በየዛፉ ሥር አርፈው ነበር። የጤና ጣቢያው ሰዎች የጠቆሙኝ ሕመምተኛ የቅኔ መምህር ናቸው፤ እብጠቱ እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። እግራቸውን በጋቢ ሸፍነው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወረቀቱን ቃል በቃል እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ዕጣው ጋ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ዕጣውን የሚጥለው ማነው?»

«ኮምፒውተር ነው የኔታ። ማንም ሰው እንዳያዳላ ነው።»

«ይሁን። ሐዋርያትም ማትያስን በዕጣ መርጠዋል። ዕጣ ያልወጣለትስ?»

«ይቆያል። ከዓመት በኋላ እሱም ያገኛል።»

«እግሩም ይቆይለታል?»

ሁሉን ባንድ ጊዜ ለማዳረስ ሰውም ገንዘብም እንደሌለ፣ ሳናወዳድር ደግሞ የቱ እንደሚሻል ማወቅ እንደማይቻል ተናገርኩ። የተማርኩት እንደዚያ ነው፤ እውነትም ነው። እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

«በሽታችን ‹ሞኝ ባገኝ› ይላል» አሉ። «እናንተስ ስትዞሩ ምን እያላችሁ ነው፣ ልጀ?»

አጠገባቸው የነበሩት ሰዎች ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፣ እሳቸውም አልሳቁም። ቆይተው ግን ወረቀቱን ከጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ብራና ላይ እንደሚጽፍ ሰው ፊደሉን እየቀረጹ ስማቸውን ከእነ ማዕረጋቸው ጻፉ። «ሌላ ሞኝ እንዳታገኙ እኔን ጻፉኝ» አሉኝ። ሁለት ፊርማ ይዤ ስመለስ ስድስት ቀን ቀርቶኝ ነበር። ሦስተኛው ከገዛ ክፍሌ የሚገኝ ነውና ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ለፍኖተ ሰላም ያሰብኳት፣ ገበያ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ ሴት ነበረች። ለዓመታት ያጠብኳት፣ ከሁሉም ይልቅ የምትቀርበኝ ናት። ስሄድ ለመፈረም ቃል ገብታልኝ ነበር። ስመለስ ሚዛኗን እያስተካከለች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ አልችልም አለችኝ።

«ምን ተፈጠረ?»

«ልጄን ሽማግሌ ልከው ጠይቀዋታል። የማንኩሳ ሰዎች ናቸው።»

«ወረቀቱ እኮ እዚህ አይቀርም። ባሕር ማዶ ነው የሚሄድ።»

«ስሜ ባሕር ማዶ ቢሄድ ምን ገዶኝ? ማንኩሳ እንዳይሄድብኝ ነው እንጂ።»

በማግስቱ ሌሎች አራት ሰዎች ጠየቅሁ። አንዱ እህቱን ሊድር ነው። አንዷ ባሏን ሳታስፈቅድ አይሆንላትም፤ ባሏ ደግሞ የት እንዳለ አይታወቅም። አንድ ሽማግሌ፣ ወረቀት ላይ የሠፈረ ስም በዚህ ዘመን አያስተማምንም አሉ። አራተኛው በሚቀጥለው ቀን እመጣለሁ ብሎ ቀረ።

ለዶክተሩ ደወልኩላቸው። ሰሙኝና፣ «ተወካይ ከሌለ ያንቺ ሳይት ይወድቃል» አሉ። «ያንቺ ከወደቀ ሁለት ነን። ሁለት ደግሞ እንደሌለ ነው፤ ገና በር ላይ ይመልሱናል።» ድምፃቸው ደክሟል። ይህን ጥናት ለማስፈቀድ ሲሞክሩ ጸጉራቸው እንደሸበተ አውቃለሁ።

«አንዲት ሴት አለች» አልኳቸው። «ማንኩሳ። በእኛ ክፍል ሥር ነው የሚቆጠረው።»

«ማን ናት?»

«ልሂድና ልጠይቃት።»

ቤታችን ስደርስ ወንድሜ ከግቢው በር ላይ ቆሞ በሬዎቹን እያስገባ ነበር። ታላቄ ነው፤ ከነልጆቹ ከእናቴ ጋር በአንድ ግቢ ይኖራል። «ዛሬ በዓል አይደለ፣ ምን አመጣሽ?» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ከትናንት ጀምሮ ተነሥቶባታል» አለ።

እናቴ መደቡ ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ደራርባ ትንቀጠቀጣለች። ቀኝ እግሯ ቀልቶ፣ ገና ሳልነካው ሙቀቱ ወደ እጄ ይመጣል። የወንድሜ ትልቋ ልጅ ውኃ አቀረበችልኝ። አጠብኳት፣ እርጥብ ጨርቅ ጣል አደረግሁበት፣ እግሯን በትራስ ከፍ አድርጌ የያዝኩትን መድኃኒት ሰጠኋት። መድኃኒቱን ሳወጣ ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው የቀለም ሳጥን ወደቀ። ለጣት አሻራ የምንጠቀምበት ሰማያዊ ቀለም ነው። ወንድሜ አነሣው።

«ይህ ምንድን ነው?»

ወደ ደጅ ጠርቼ ነገርኩት። ነገሩን እስክጨርስ አልጠበቀኝም። ውኃ ያቀረበችልኝ ልጁ ታጭታለች፤ ሠርጓ ከጥምቀት በኋላ ነው። የእጮኛዋ ወገኖች የእናቴን እግር አያውቁም።

«አንች ይኸን ሁሉ ዓመት ስትደብቂ ኖርሽ» አለኝ። «ጓደኞችሽ እንኳ አያውቋት። ዛሬ የእኔ ልጅ ልትዳር ስትል ነው አደባባይ የምታወጫት?»

ያለው ሁሉ እውነት ነው።

«ደግሞስ አሁን ጣቷን ይዘሽ ልታስነኪያት ነው? በዚህ ትኩሳት?»

«አላደርገውም!» ብዬ ጮህኩበት። የጮህኩት ግን አስቤው ስለነበር ነው። አልክደውም። እግሯን እያጠብኩ ሳለ፣ አሁን እሺ ትለኛለች፣ በዚህ ሰዓት ምንም ብላት እሺ ትለኛለች የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር። ሰው ሲታመም እንዳናስፈርመው፣ ከሁሉ በፊት የተማርነው እሱን ነው። እኔ ለሌሎች ነርሶች ሥልጠና የሰጠሁበት ነገር ነው።

ያን ዕለት አልነካኋትም። በማግስቱም ትኩሳቱ አልለቀቃትም። ከጎኗ ተቀምጬ የቀሩትን ቀናት ስቆጥር ዋልኩ። ትኩሳቷን በየሰዓቱ እለካለሁ። ሙቀቱ ቀነስ ሲል ደስ የሚለኝ ለእናቴ ይሁን ለማመልከቻው መለየት አቃተኝ። እንደ ነርስም እንደ ልጅም ራሴን የጠላሁበት ቀን ያ ነው። ዶክተሩ ሁለት ጊዜ ደውለው ነበር፤ አላነሣሁም።

ሁለት ቀን ሲቀር ጠዋት ላይ ላብ አሰመጣትና ትኩሳቱ ወረደ። ገንፎ ቀመሰች። ለቀም ለቀም አድርጋ ሳህኑን ወደ ጎን አደረገችው።

«ምን ይዘሽ ነው የመጣሽ?» አለችኝ። «ወንድምሽ ደጅ ሲጮህ ሰምቻለሁ።»

ሁሉን ነገርኳት። ቅጹን አውጥቼ በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። ድርሳን ሲነበብ እንደምታደርገው ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ።

«ስሜ አለበት?»

«አለበት እማየ።»

«የአባቴም?»

«የአባትሽም የአያትሽም።»

«እኔ ከዕድር መዝገብ በቀር ተጽፌ አላውቅም» አለች። ከዚያም፣ «ይኸ ከታች ያለውስ? እሱን አላነበብሽልኝም» አለችኝ። ፊደል አትለይም፤ ግን ጣቴ የት እንደቆመ አይታለች።

«ጥያቄ ነው። አማካሪው ከአመልካቾቹ ጋር ዝምድና ካለው ይገለጽ ይላል።»

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ገና አልጻፍኩም።»

ብርድ ልብሱን ከእግሯ ላይ ገፈፈችና ሁለቱንም እግሮቿን፣ የሰው ዕቃ እንደሚያይ ሰው፣ ተመለከተቻቸው።

«ለምረቃሽ ጊዜ ወላጅ አይገባም ብለሽኝ ነበር» አለች።

ዓይኔን ወደ ቅጹ መለስኩ።

«ጎረቤታችን ከልጇ ምረቃ ተመልሳ የተነሡትን ፎቶ አሳየችኝ። አንችም ከኋላቸው ቆመሽ አለሽ። ያ ልብስ ያምርብሻል።»

«እማየ… ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ምን ትሆኝ ነበር?»

ያን ያህል ካለቀስኩ ዘመን ሆኖኛል። እሷ አላለቀሰችም። ልጅቱን፣ የወንድሜን ልጅ፣ ጠራቻትና በእኔ ፊት ጠየቀቻት። «እኔ እዚህ ላይ ልፈርም ነው። የሚያውቅ ሰው ቢገኝ ሠርግሽን ሊያፈርሰው ይችላል። አንች አይሆንም ካልሽ ይቀራል።» ልጅቱ አንገቷን ደፍታ፣ «እንደ ፈቀድሽ እማማ» አለች። ወጣት ልጅ አያቷን ሌላ ምን ትላለች? ያኔ ልጠይቃት፣ ለብቻዋ ወስጄ ላነጋግራት ይገባኝ ነበር። ሁለት ቀን ነው የቀረኝ። አልጠየቅኋትም።

ከቅጹ ላይ በእንግሊዝኛ «እናት» ብዬ ጻፍኩ፤ ስድስት ፊደል ነች። እናቴ የትኛው እንደሆነ በጣትሽ አሳዪኝ ብላ አየችው። ከዚያ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ አድርጋ ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው። ወንድሜን ሳልሰናበተው ነው የወጣሁት፤ ማሳ ወርዶ ነበር፣ ወይም የወረደ አስመስሎ ነበር።

ማመልከቻው የሚዘጋው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ቀን ፍኖተ ሰላም ውስጥ የኢንተርኔት መስመር ያለው አንድ መሥሪያ ቤት ለምኜ ገባሁ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ስካን አድርገን መላክ ስንጀምር አራት ሰዓት ተኩል ነበር። የቡሬው ሄደ። የሰከላው ሄደ። የእናቴ ላይ ሲደርስ መስመሩ ተቋረጠ። ተመለሰ፤ ተቋረጠ። ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ጄኔሬተር አስነሡልኝ። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ዶክተሩ ደውለው፣ ደርሷል ግን አሻራው ጠቁሯል፣ አይነበብም አሉኝ። ወረቀቱን መስኮት ላይ ለጥፌ በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ያን ላክሁ። ፎቶው ሦስት ጊዜ ደብዝዞብኝ ነበር።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀር ስልኬ ጮኸ። «ገባ» አሉ። እኔም ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ባለጉዳዮች ዘመድ የሞተብኝ መስሏቸው «እግዜር ያጽናሽ» እያሉኝ አለፉ።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። መጠበቁ ወራት ፈጀ፤ በመሃል ሌላው ነገር ደረሰ። ከማመልከቻው ጋር የወጣ፣ የእናቴ ስም ያለበት ደብዳቤ አንድ ቅጂ በክፍላችን ፋይል ውስጥ ቀርቶ ነበር። ማን እንዳነበበው አላውቅም፤ ላውቅም አልፈለግሁም። ከሁለት ቅዳሜ ገበያ በኋላ ወሬው ማንኩሳ ደረሰ። የወንድሜን ልጅ ያጨው ልጅ ወገኖች ሁለት ሽማግሌ ላኩ። ወንድሜ ቤት ተቀምጠው፣ የቀረበላቸውን ጠላ ጠጥተው፣ ስለ አዝመራው ተጫውተው ሲያበቁ፣ «ዘንድሮ ጊዜውም አልተመቸን፣ እስቲ ትንሽ ይቆየን» አሉ። ጎጃም ውስጥ «ይቆየን» ማለት ምን እንደሆነ ለማንም አይተረጎምም። ወንድሜ በስልክ አልደወለልኝም፣ አልሰደበኝም። ሌላ ሰው ነው የነገረኝ። ባልደረቦቼ ደግሞ እናቴን ማወቃቸውን ከአነጋገራቸው አወቅሁ፤ ድንገት ሁሉም ደጎች ሆኑብኝ።

መልሱ ሲመጣ ዶክተሩ ራሳቸው ፍኖተ ሰላም ድረስ መጡ። መንገዱ ክፍት ከሆነባቸው ጥቂት ቀናት አንዱ ነበር። ሲገቡ ፊታቸውን አይቼ አወቅሁ። በርጩማ ስቤ አስቀመጥኳቸው፤ እሳቸው ግን እንደገና ተነሡ።

«ሐሳቡን ወደውታል» አሉ። «ጥያቄው ተገቢ ነው ብለዋል። ግን ተቆጣጣሪ ልከን ሦስቱንም ሳይት እንደምናይ እርግጠኛ መሆን አንችልም ይላሉ።»

«እሱማ መንገዱን ማን…»

«ሌላም አለ» አሉና ወረቀቱን ሰጡኝ። ራሳቸው ሊያነቡት አልፈለጉም። አንዱ ገምጋሚ ስለ ፍኖተ ሰላም ሳይት ጽፏል። የሳይቱ ተጠሪና የሕመምተኞች ተወካይ ልጅና እናት በመሆናቸው ተወካይዋ በነጻ ፈቃዷ መሳተፏ ያጠራጥራል ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«ተሳስቷል፣ አይደል?» አሉኝ ዶክተሩ። እንድናደድ፣ አብረን እንድንናደድ ፈልገው ነበር።

እኔ ግን በትኩሳት ስትንቀጠቀጥ ከጎኗ ቀለም ይዤ የተቀመጥኩባቸውን ሁለት ቀናት አስታወስኩ። «አልተሳሳተም» አልኳቸው። ወረቀቱን አጥፌ መለስኩላቸው። ከዚያ ወረፋ የያዙትን ሕመምተኞች ሲያዩ እጅጌያቸውን ሰብስበው ጓንት ጠየቁኝ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ጎን ለጎን ተቀምጠን እግር አጠብን።

ቡሬ ሄጄ ለገበሬው ነገርኩት፤ እንደ ልማዱ ሳቀ፣ ግን ቶሎ አቆመ። ሰከላ መሄድ አልቻልኩም። ለየኔታ በሰው ቃል ላክሁባቸው፤ ይድረሳቸው አይድረሳቸው አላውቅም። እናቴ ጋ ሄድኩ።

«እምቢ አሉ?» አለችኝ ገና ደጃፉን ስረግጥ።

«እምቢ አሉ።»

«እኔን አይተው ነው? ጣቴ ተበላሽቶ ነው?»

«አይደለም እማየ። መንገዱ ስለተዘጋ ነው።»

ዋሸኋት። እንደገና ዋሸኋት። እሷም እንደ ምረቃው ጊዜ ምንም አላለችኝ፤ ዓይኗን ከዓይኔ ላይ ትንሽ አቆየችና የሚበላ እንዲያቀርቡልኝ አዘዘች።

ከዚያ በኋላ በአንድ ማክሰኞ፣ ከሕመምተኞቹ አግዳሚ ወንበር ላይ የወንድሜን ልጅ አየኋት። ተራዋን ጠብቃ እንደ ማንም ገባች። ልትወቅሰኝ የመጣች መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች።

«አክስቴ፣ እግሬን እይልኝ።»

ከግራ እግሯ ጣቶች ሥር ቆዳው ጠጥሯል። በእጄ ስጫነው ይሰረጎዳል፤ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ላየው ለማያውቅ ምንም አይደለም። እኔ ግን የእናቴ እግር እንዴት እንደጀመረ ከሰው ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ነበር የጀመረው።

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ሳልታጭ በፊት ጀምሮ ነው። ሲመሽ ያቃጥለኛል። ጠዋት እብጠቱ ይጠፋል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። «ለማን ይነገራል?» አለችኝ።

ውኃውን ቀላቅዬ እግሯን አጠብኩት። በየጣቶቿ መሃል እንዴት እንደምታደርቅ፣ ቫዝሊኑን ከየት ወደ የት እንደምትቀባ አሳየኋት፤ ያለ ጫማና ካልሲ አንድም ቀን ከቤት እንዳትወጣ ነገርኳት። እንደ አያቷ ይሆን እንደሆነ ጠየቀችኝ። በዚህ ደረጃ ከተያዘ ወደዚያ አይደርስም አልኳት። ይህ እውነት ነው፤ ለብዙ ሰው ተናግሬ ሲሆን አይቼዋለሁ። ሆኖም ስናገረው ድምፄ ከሌላ ሰው አፍ እንደሚወጣ ሆኖ ተሰማኝ። ሠርጓ ባይፈርስ ኖሮ ትነግረኝ ነበር ወይ ብዬ ልጠይቃት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ፋሻውን አስሬላት ከመንበርከኬ ስነሣ እጄን ያዘችኝ።

አሁን በየሁለት ሳምንቱ ትመጣለች። ቆዳው አልለሰለሰም፤ እብጠቱም አልጨመረም። ወንድሜ በጋሪ ያመጣትና ከመንገዱ ማዶ ይጠብቃታል። ባለፈው ሰላም ልለው ወደ በሩ ወጣሁ። የፈረሱን ልጓም እያስተካከለ ጀርባውን ሰጠኝ፤ ልጓሙ ግን የሚስተካከል ነገር አልነበረውም። ዶክተሩ ሌላ ጥሪ ወጥቷል ብለው መልእክት ልከውልኛል፤ እሱም ሦስት ሳይት ነው የሚለው። አልመለስኩላቸውም። የወንድሜ ጀርባ ላይ ዓይኔን ተክዬ ጥቂት ቆምኩና፣ ተራ የደረሳቸውን እናት ይግቡ ብዬ ተጣራሁ።